ዕጣው የወጣው ለማን ነው? በጎንቻ ሲሶ እነሴ የተካሄደው የትራኮማ ሙከራና የአነዳደፉ ትምህርት

ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ምክር ፈልገው ወደ እኔ ከሚመጡ ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚያቀርቡት ንድፍ ተመሳሳይ ነው። አንድ ቀበሌ የጤና ትምህርት ተሰጥቶታል፤ ሌላው አልተሰጠውም። ከመጀመሪያው 400 ሰው፣ ከሁለተኛውም 400 ሰው ይጠየቃል፤ ከዚያም የ800 ሰው መልስ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ልዩነቱ ይሰላል። መጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው፤ ቁጥሩም ሲያዩት ትልቅ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ የተሰጠው ለአንድ ቀበሌ በሙሉ ስለሆነ፣ ጥናቱ በእውነቱ አንድን ከአንድ ጋር ነው ያነጻጸረው። ሁለቱ ቀበሌዎች ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊትም በውኃ አቅርቦት፣ በመንገድ፣ በገበያ ቅርበት፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጋት ይለያዩ ነበር። በ400 ፈንታ 4,000 ሰው ቢጠየቅ ይህ ልዩነት ይበልጥ ጥርት ብሎ ይታይ ይሆናል እንጂ ከትምህርቱ ውጤት ተለይቶ አይወጣም።

ይህን በቀመር ብቻ ማስረዳት ብዙም ፍሬ እንደማያፈራ ስላየሁ፣ በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው እዚሁ አገር፣ በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደውን የትራኮማ ሙከራ ነው። ሙከራው ታና በሚል አጭር ስም ይታወቃል። የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የካርተር ማዕከል፣ በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፕሮክተር ፋውንዴሽንና የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ተባብረው ሠርተውታል። የመረጥኩት ጥሩ ሙከራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ ሙከራ እስከ ምን ድረስ ሊናገር እንደሚችልና ከየት ላይ ዝም ማለት እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የአገራችን ምሳሌ ስለማላውቅም ነው።

ጥያቄው ምን ነበር?

ትራኮማ፣ በብዙ አካባቢ የዓይን ማዝ የሚባለው በሽታ፣ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ይበልጡን የሚያጠቃው ሕፃናትን ሲሆን፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ይተላለፋል። ለዓመታት ሲደጋገም የዓይን ቆብ የውስጠኛው ገጽ ጠባሳ ያወጣል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየቧጨረ በስተመጨረሻ ያሳውራል። በገጠር ያደገ ሰው ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ የሚነቅሉ እናቶችን ሳያይ አልቀረም፤ ያ ሁሉ ሥቃይ የሚጀምረው በልጅነት ከሚይዘው ከዚህ ተሕዋሲ ነው።

አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በአንድ ጊዜ መጠን፣ በአፍ በሚወሰድ ኪኒን ወይም ሽሮፕ ተሕዋሲውን ስለሚያጠፋ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ለሕዝቡ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲታደል ይመክራል። ይሁን እንጂ በሽታው እጅግ በበረታባቸው ቦታዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ማደል ሳያስፈልግ እንደማይቀር የሒሳብ ሞዴሎች አመልክተው ነበር። ሁለት ጊዜ ማደል ማለት እጥፍ መድኃኒት፣ እጥፍ የሰው ኃይል፣ እጥፍ የእግር ጉዞ ማለት ነው። ጥያቄው እንግዲህ ለአንድ የጤና ቢሮ ከባድ የበጀት ጥያቄም ነበር።

ይህን ጥያቄ ያለ ማነጻጸሪያ መመለስ አይቻልም። አንድ ወረዳ መርጦ በዓመት ሁለት ጊዜ አድሎ ከዚያ ቀንሷል ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት ትምህርት ቤትም ይከፈታል፣ የቧንቧ ውኃም ይገባል፣ ዝናቡም ይለያያል። ከዚህም በላይ አንድን ቦታ የምንመርጠው በሽታው ጎልቶ በታየበት ጊዜ ከሆነ፣ ምንም ባናደርግ እንኳ በሚቀጥለው ልኬት ትንሽ ወረድ ብሎ የመገኘት ዝንባሌ አለው። ጫፍ ላይ የተገኘ ነገር በቀጣዩ ልኬት ወደ መሐል ይጠጋል። ይህን ሁሉ ከመድኃኒቱ ሥራ የሚለየው፣ በዚያው አገር፣ በዚያው ወቅት፣ በሌላ መንገድ የታደለ ሌላ ቡድን መኖሩ ነው።

ዕጣው

በወረዳው 72 ንኡስ ቀበሌዎች ተለይተው በስድስት ቡድን፣ እያንዳንዱ ቡድን 12 ንኡስ ቀበሌ እንዲይዝ ሆኖ በዕጣ ተደለደሉ። በአንዱ ቡድን ሕዝቡ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ መድኃኒት ይወስዳል፤ በሌላው ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ሕፃናት ብቻ በየሦስት ወሩ ይወስዳሉ። አራተኛው ለአንድ ዓመት መድኃኒት ሳይወስድ ይቆይና ዓመቱ ሲያልቅ ይወስዳል። የቀሩት ቡድኖች የመጸዳጃ ቤት ግንባታን ማበረታታትን የመሳሰሉ ሌሎች ጥያቄዎችን ለመመለስ የተመደቡ ነበሩ።

በዕጣ መመደብ የሚያስፈልገው ለይስሙላ ፍትሕ አይደለም። አንድ ባለሙያ በራሱ ፈቃድ ቢመድብ፣ መልካም ሐሳብ ቢኖረው እንኳ፣ መንገድ የሚደርሳቸውን ወይም ችግር የጸናባቸውን ለአንዱ ቡድን ማድላቱ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ የመድኃኒቱ ይሁን የመንገዱ የሚያውቅ የለም። ዕጣ ግን መንገዱን፣ ምንጩን፣ የሊቀመንበሩን ትጋት፣ ደግሞም እኛ ፈጽሞ ያላሰብነውን ነገር ሁሉ ለሁለቱም ወገን ያለ አድልዎ ይበትናል። ዕቁብ የጣለ ሁሉ የሚያውቀው ነገር እዚህም ይሠራል፦ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት የማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ካለ ያ ዕጣ አይደለም። የሕዝብ ቆጠራውን የሚያካሂደው ወይም ንኡስ ቀበሌውን በሙከራው የሚያስገባው ሰው ምደባውን አስቀድሞ ካወቀ፣ ሳያስበውም ቢሆን ያመቻቻል።

ሐሳቡ የእርሻ ሐሳብ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1920ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ሮናልድ ፊሸር ይጨነቅ የነበረው ስለ ማሳ ነበር። የአንድ ማሳ አፈር ከዳር እስከ ዳር አንድ አይደለም፤ አንዱ ጥግ ውኃ ያቁራል፣ ሌላው ጭንጫ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያው በአንድ ሰፊ ቁራሽ ላይ ከሚፈተን ይልቅ ማሳው በብዙ ትንንሽ መደብ ተከፋፍሎ፣ ማዳበሪያ የሚያገኘው መደብ በዕጣ ይለይ፣ የሚመሳሰሉ መደቦችም እርስ በርስ ይነጻጸሩ አለ። በጎንቻ መደቡ ንኡስ ቀበሌ ነበር።

ስሌቱም ከዕጣው ነው የሚወለደው። ከ24 ንኡስ ቀበሌዎች 12ቱን ለአንዱ ቡድን የመምረጫ መንገዶች 2,704,156 ናቸው። በዓመት አንዴም ሁለቴም መስጠት ለውጥ የለውም ብለን እንነሣ፤ እንዲህ ከሆነ የእያንዳንዱ ንኡስ ቀበሌ ውጤት ዕጣው በየትኛውም በኩል ቢወጣለት ያው ነው። ስለዚህ በሐሳብ ዕጣውን ደጋግመን እያወጣን፣ በእያንዳንዱ አወጣጥ የሁለቱ ቡድን ልዩነት ስንት ይሆን እንደነበር እናሰላለን፤ በእውን ያገኘነው ልዩነት ከእነዚያ ሁሉ መካከል ብርቅ ከሆነ ዕጣ ብቻውን ያመጣው ነው ለማለት ያስቸግረናል። አሁን ወደ ተማሪዎቼ ንድፍ እንመለስ። ከሁለት ቀበሌ አንዱን የመምረጫ መንገድ ሁለት ብቻ ነው። ምንም ያህል የሚያስደንቅ ልዩነት ቢገኝ፣ ከሁለት አንዱ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ አንበሳ ከማግኘት የተለየ ማስረጃ አይሆንም።

ከሰው ብዛት የቦታ ብዛት

ዕጣው ለንኡስ ቀበሌ ለምን ሆነ? ለእያንዳንዱ ሰው ቢወጣ ቁጥሩ በሺህ ይሆን አልነበረምን? ብዙ አንባቢ ይህን ይጠይቃል፤ መልሱም በበሽታው ባሕርይ ውስጥ ነው። ትራኮማ ተላላፊ ነው። በአንድ ቤት አንዱ ሕፃን መድኃኒት ቢወስድ፣ በአንድ ጋቢ ሥር አብሮት የሚተኛው ወንድሙ ባይወስድ፣ ተሕዋሲው ከሳምንታት በኋላ ይመለስበታል፤ በተቃራኒውም የአንዱ መዳን ለሌላው ይተርፋል። ሊለካ የተፈለገው የዕደላው ኃይል በማኅበረሰብ ደረጃ ስለሆነ፣ ዕጣውም በማኅበረሰብ ደረጃ መውጣት ነበረበት። ንኡስ ቀበሌው በውስጡ መንግሥታዊ ቡድን የሚባሉ፣ ከእርሱ ያነሱ በርካታ የአስተዳደር ክፍሎችን ይይዛል፤ መድኃኒቱ ለሁሉም ይታደላል፣ ልኬቱ ግን የሚካሄደው ከመካከላቸው በአንዱ ነው። በዙሪያው ያሉት ጎረቤቶች ያንኑ ዕደላ ስላገኙ፣ ከሌላ ቡድን ንኡስ ቀበሌ የሚመጣ ተሕዋሲ ልኬቱን እንዳያበላሽ እንደ አጥር ያገለግላሉ። ይህ አንድ መስመር የማይሞላ የንድፍ ውሳኔ ነው፤ ባይኖር ግን ሙከራው በገበያ ቀን ይፈርስ ነበር።

የዚህ ውሳኔ ዋጋ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። የአንድ ንኡስ ቀበሌ ልጆች ከአንድ ምንጭ ውኃ ይቀዳሉ፣ አብረው ከብት ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ የአንዱ መያዝ ስለ ሌላው መያዝ አስቀድሞ ይነግረናል። ይህ ዝምድና ከ0 (ምንም አለመዛመድ) እስከ 1 (ፍጹም መመሳሰል) በሚሄድ ሚዛን 0.2 ነው እንበል፤ ለማስረጃ የወሰድኩት ቁጥር እንጂ የጎንቻ ልኬት አይደለም። ከ24 ቦታዎች በእያንዳንዱ 50 ሕፃናት ቢመረመሩ 1,200 ሕፃናት ይሆናሉ፤ ነገር ግን መረጃው የሚመዝነው 1,200ን በ10.8 ከፍለን የምናገኘውን ያህል፣ ማለትም እርስ በርስ የማይዛመዱ 111 ሕፃናትን ያህል ብቻ ነው። አሥር ነጥብ ስምንቱ የመጣው ከ1 ላይ 49 ጊዜ 0.2 ሲደመር ነው። አሁን በጀት አለን እንበልና የሕፃናቱን ቁጥር በየቦታው ከ50 ወደ 100 እናሳድገው፤ 2,400 ሕፃናት መርምረን የምናገኘው የ115 ሕፃናት ክብደት ነው። እጥፍ ድካም፣ የአራት ሕፃናት ትርፍ። እነዚያኑ 2,400 ሕፃናት ከ24 ሳይሆን ከ48 ቦታዎች ብንወስዳቸው ግን ክብደቱ ወደ 222 ይወጣል። የጥናት በጀት የሚያጸድቁ ሰዎች ይህን አንድ ስሌት ቢያዩ፣ በየዓመቱ በየኮሌጁ የሚባክነው ድካም ግማሹ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ልኬቱ

የሙከራው ጥንቃቄ በቅርብ የሚታየው በአንድ ሕፃን ዓይን ላይ ነው። የሚመረመሩት ሕፃናት ከቆጠራው ዝርዝር በዕጣ ይመረጣሉ፤ እናቱ ቀድማ ያመጣችው ወይም ቤቱ ለመንገድ የቀረበው አይደለም። መርማሪው ጓንቱን ይለውጣል፤ የቀኙን የላይኛውን የዓይን ቆብ ይገለብጣል፤ የናሙና መውሰጃውን ጥጥ በውስጠኛው ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው እያዞረ ያሳልፋል። ናሙናው በብርድ ተጠብቆ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ላቦራቶሪ ይላካል። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ቱቦው ከየትኛው ቡድን እንደመጣ አያውቁም።

በመካከሉ አንድ ድንቅ ጥንቃቄ አለ። ከአንዳንድ ሕፃናት ናሙና ከተወሰደ በኋላ ሁለተኛ ጥጥ ዓይኑን ሳይነካ በአጠገቡ በአየር ላይ እንዲያልፍ ይደረግና እንደ ሌላው ናሙና ታሽጎ ይላካል። ይህ ጥጥ ተሕዋሲ ቢገኝበት፣ ተሕዋሲው የመጣው ከመርማሪው እጅ ወይም ከጠረጴዛው እንጂ ከሕፃኑ ዓይን አይደለም ማለት ነው። ሙከራው የገዛ ስሕተቱን የሚይዝበት ወጥመድ አስቀድሞ አጥምዶ ነበር። የአገራችን ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ይህ ነው፤ ስለ ናሙና ብዛት አንድ ገጽ ተጽፎ፣ መለኪያው ቢሳሳት በምን እንደሚታወቅ አንድ መስመር አይገኝም።

መድኃኒቱን የወሰደው ሕዝብ ግን መውሰዱን ያውቃል፤ ማስመሰያ ኪኒን አልታደለም። ይህ ድክመት ነው፤ ነገር ግን የሚጎዳው እንደሚለካው ነገር ነው። ሰውን ዓይንህን ያሳክክሃል ወይ ብለን ብንጠይቅ ኖሮ መልሱ መድኃኒት መውሰዱን በማወቁ ይዛባ ነበር። በላቦራቶሪ የሚታይ የተሕዋሲ ዘረመል ግን የሰውየውን ስሜት አይሰማም።

ሁለት ሙከራ፣ ሁለት መልስ

ስለዚሁ ጥያቄ ከጎንቻ በፊት በጉራጌ ዞን በ16 መንደሮች የተደረገ ሙከራ ነበር፤ ውጤቱ በ2008 ታተመ። በዓመት አንዴ በታደለባቸው 8 መንደሮች የተያዙ ሕፃናት ድርሻ ከ42.6 በመቶ በ24 ወር ወደ 6.8 በመቶ ወረደ፤ ሁለቴ በታደለባቸው 8 መንደሮች ደግሞ ከ31.6 ወደ 0.9 በመቶ። መነሻውን ከግምት አስገብተው ሲያሰሉትም ሁለቴ ማደል የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

የጎንቻው መልስ በ2012 ሲታተም የተለየ ነበር። በ42ኛው ወር፣ በዓመት አንዴ በታደለባቸው 12 ንኡስ ቀበሌዎች ከ41.9 ወደ 1.9 በመቶ፣ ሁለቴ በታደለባቸው 12ቱ ደግሞ ከ38.3 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ። በሁለቱ መካከል የታየ ልዩነት የለም። የስታቲስቲክስ ፈተናው ዋጋ 0.99 ሆነ፤ ማለትም መነሻው ሲስተካከል ቀሪው ልዩነት ዕጣ ብቻውን ሊያመጣ የሚችለው ተራ ነገር ነው።

አንዱ ውሸት ነው ማለት ይቀናናል፤ አይደለም። ሁለቱም በዕጣ የተደለደሉ፣ በጥንቃቄ የተለኩ ሙከራዎች ናቸው። ግን መነሻዎቹን እንይ። በጉራጌው ሁለቱ ቡድኖች ገና ሲጀመር በ11 ነጥብ ይራራቁ ነበር፤ በጎንቻው በ3.6 ነጥብ። ዕጣ ሚዛናዊ የሚሆነው በብዛት ነው፤ በየቡድኑ 8 መንደር ብቻ ሲኖር፣ ተሕዋሲው የጸናባቸው አንድ ሁለት መንደሮች ወደ አንዱ በኩል ሊወድቁና አማካዩን ሊጎትቱት ይችላሉ። መነሻውን በስሌት ማስተካከል ይረዳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይክስም። ከዚህም ሌላ የልኬቱ ጊዜ 24 ወርና 42 ወር ነው፤ ሁለት ጊዜ ማደል ቀድሞ ያደርሳል፣ አንድ ጊዜ ማደል ዘግይቶም ቢሆን እዚያው ይደርሳል ብሎ ማንበብም ይቻላል። የእኔ ንባብ ወደዚህ ያደላል፤ ሁለቱን መረጃ ሳይጥል ስለሚያስማማቸው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘለል። ልዩነት አልታየም ማለትና ልዩነት የለም ማለት አንድ አይደሉም። የሁለቴው ቡድን የ3.2 በመቶ ግምት የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ፣ ማለትም ከመረጃው ጋር የሚስማሙት ዋጋዎች የሚገኙበት ክልል፣ ከ0 እስከ 6.5 ነው፤ የአንዴው የ1.9 ግምት ደግሞ ከ0.3 እስከ 3.5። በእነዚህ ክልሎች ውስጥ ለአንድ ወረዳ ትርጉም ያለው ልዩነት ሊደበቅ ይችላል። ለጤና ቢሮ የሚጠቅመው አነጋገር፣ እጥፍ ወጪ የሚያስከፍል ትልቅ ጥቅም አልተገኘም የሚለው ነው።

ያልወሰዱት ሲጠቀሙ፣ የወሰዱት ሲጎዱ

ጥሩ ንድፍ ከአንድ ጥያቄ በላይ ይመልሳል። ሕፃናት ብቻ በየሦስት ወሩ በወሰዱባቸው 12 ንኡስ ቀበሌዎች የተያዙ ሕፃናት ድርሻ በአንድ ዓመት ከ48.4 ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ትልቁ ጥያቄ ግን መድኃኒቱን ስላልወሰዱት፣ 11 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሆኑት ነበር። በእነዚህ ቦታዎች ካልወሰዱት መካከል 8.2 በመቶው ተሕዋሲው ሲገኝባቸው፣ በማነጻጸሪያዎቹ ቦታዎች 15.5 በመቶ ነበር። የልጆች መዳን ለወላጆች ተርፏል ማለት ነው። ዕጣው ለግለሰብ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ግኝት ከናካቴው ሊታይ አይችልም ነበር፤ እንዲያውም ያልወሰዱትን በመጥቀሙ የመድኃኒቱን ኃይል አሳንሶ ያሳይ ነበር።

ጉዳቱም በዚያው ንድፍ ተለካ። በሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ የሚኖረው የሳንባ ምች ባክቴሪያ፣ ኒሞኮከስ፣ መድኃኒቱን መላመድ አለመላመዱ ተመረመረ። በየሦስት ወሩ በወሰዱት ማኅበረሰቦች መድኃኒቱን የተቋቋመ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ሕፃናት ድርሻ ከ3.6 በመቶ በአንድ ዓመት ወደ 46.9 በመቶ ዘለለ፤ በማነጻጸሪያዎቹ በ12ኛው ወር 9.2 በመቶ ነበር። የማነጻጸሪያው ቁጥር ባይኖር ኖሮ፣ መላመዱ በአካባቢው ካለ የፋርማሲ ሽያጭ የመጣ ነው የሚል ክርክር መቋጫ አያገኝም ነበር። ጥቅምን ለመለካት የተነደፈ ሙከራ ጉዳትንም በእኩል ጥንቃቄ ሊለካ ይገባዋል ብዬ ለተማሪዎቼ ስነግር የማሳያቸው ይህን ነው።

የሕፃናት ሞት

ከሁሉም ይበልጥ መነጋገሪያ የሆነው ግኝት ሙከራው በመጀመሪያ ከተነደፈለት ጥያቄ ውጭ የመጣ ነው። ቆጠራ በየጊዜው ስለሚካሄድ፣ ከሜይ 2006 እስከ ሜይ 2007 ባለው ጊዜ ስንት ሕፃናት እንደሞቱ ማወቅ ተቻለ። መድኃኒቱ በታደለባቸው 36 ንኡስ ቀበሌዎች ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት መካከል ሞቱ በዓመት ከ1,000 ሕፃናት 4.1 ሲሆን፣ ገና ባልታደለባቸው 12 ንኡስ ቀበሌዎች 8.3 ነበር። ግማሽ ማለት ነው። መድኃኒቱ የሳንባ ምችንና የተቅማጥ ተሕዋስያንንም ስለሚያጠቃ ነገሩ ከሕክምና አንጻር ይታመናል።

በእነዚህ 48 ንኡስ ቀበሌዎች ከ66,000 በላይ ሰው ይኖር ነበር። ይህን የሚሰማ ሰው ግምቱ እንደ ዓለት የጸና ይመስለዋል። ነገር ግን ዕጣው የወጣው ለ66,000 ሰው አልነበረም፤ ለ48 ቦታ ነው፤ ማነጻጸሪያውም 12 ቦታ ብቻ ነው፤ የሕፃናት ሞትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚከሰት ነገር አይደለም። ስለዚህ የሞት ዕድሉ ንጽጽር 0.51 ሆኖ ሲወጣ የመተማመኛ ክልሉ ከ0.29 እስከ 0.90 ተለጠጠ። ሞትን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይቀንሳል ከሚለው ጀምሮ ከአሥር አንድ ብቻ ይቀንሳል እስከሚለው ድረስ ሁሉም ከመረጃው ጋር ይስማማል። አጥኚዎቹ ይህን ክልል ደብቀው ግማሽ የሚለውን ቃል ብቻ አላስተጋቡም፤ መልሱ ሌላ፣ ለዚሁ ጥያቄ ብቻ የተነደፈ ሙከራ እንደሚጠይቅ ተረዱ።

ያ ሙከራ ሞርዶር ይባላል፤ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ተካሂዶ ውጤቱ በ2018 ታተመ። ዕጣ የወጣላቸው ማኅበረሰቦች 1,533 ነበሩ፤ ከ1 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያላቸው ከ190,000 በላይ ሕፃናት ተካተቱ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሁለት ዓመት አዚትሮማይሲን ወይም መልኩም ጣዕሙም የሚመስለው ማስመሰያ ተሰጣቸው፤ የሰጠውም የወሰደውም የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም ነበር። ሞት በማስመሰያው ቡድን በዓመት ከ1,000 ሕፃናት 16.5፣ በመድኃኒቱ ቡድን 14.6 ሆነ፤ ቅናሹ 13.5 በመቶ፣ የመተማመኛ ክልሉም ከ6.7 እስከ 19.8 በመቶ። በኒጀር 18.1 በመቶ ሲሆን በማላዊና በታንዛኒያ አነስ ብሎ ተገኘ።

የጎንቻው ግማሽ ወደ ሰባት አንድ ወረደ። አገሩም፣ ዕድሜውም፣ የሞቱ መጠንም ስለሚለያይ ሁለቱን ቁጥሮች ፊት ለፊት ማጋጨት ተገቢ አይደለም። ግን በትንሽ ሙከራ የተገኘና ለመታተም የበቃ ግምት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል፤ ምክንያቱም በጥቂት ቦታ ላይ ትንሽ ልዩነት ጎልቶ መታየት ስለማይችል፣ ጎልቶ የታየው ዕጣ ያገዘው ነው። የጎንቻው ሙከራ አቅጣጫውን በትክክል አሳየ፤ መጠኑን ለመናገር ግን ቦታዎቹ አልበቁትም።

ከላይ የጠቀስኩትን ዓይነት ንድፍ ይዛ ከመጡት ተማሪዎች አንዷ ይህን ታሪክ ካነበበች በኋላ የጠየቀችኝ ጥያቄ፣ 800 ሰው ለመጠየቅ ያገኘሁትን በጀት ምን ላድርገው የሚል ነበር። ሰዎቹን ሳንጨምር ቦታዎቹን አበዛን፦ በ2 ቀበሌ 400፣ 400 የነበረው በ20 ቀበሌ 40፣ 40 ሆነ። የጤና ትምህርቱ ገና ያልደረሳቸው 20 ቀበሌዎች ስለተገኙ፣ አሥሩ አሁን፣ አሥሩ ጥናቱ ሲያልቅ ትምህርቱን እንዲያገኙ ተወሰነ። የመጓጓዣው ወጪ ጨመረ፤ እርሱን ለመሸፈን ከመጠይቁ ማንም የማይተነትናቸውን ጥያቄዎች ሰርዘን ቀኑን አሳጠርን። ዕጣው የ20ዎቹ ሊቀመናብርት በተገኙበት፣ ስማቸው በተጣጠፈ ወረቀት ተጽፎ በሰፌድ ላይ ተደርጎ ወጣ፤ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ግን የሁሉም ቀበሌዎች የመነሻ ልኬት ተጠናቅቆ ነበር።